ለትምባሆ ጠቅላዮች ያነበበች ሴት

እስቲ ጠጋ ብላችሁ ስሙኝ። የዛሬው ትረካዬ ከካሪቢያን ባሕር ደሴቶች ተነሥቶ በፍሎሪዳ በኩል ኒውዮርክ ይደርሳል። ዓመቱን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ያዙልኝ።

ሳን ሁዋን የፖርቶ ሪኮ ዋና ከተማ ናት። በዚያች ከተማ ለፖርቶ ሪኮ ሴቶች ክብር የተሰየመ አደባባይ አለ። በ2014 የደሴቲቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በታሪክ ጎልተው የወጡ 12 ሴቶችን መርጦ በዚያ አደባባይ የመታሰቢያ ሰሌዳ አቆመላቸው። አላፊ አግዳሚው ስማቸውን እንዲያይ፣ ልጅ እናቱን «ይህቺ ማን ናት?» ብሎ እንዲጠይቅ።

ከ12ቱ አንዷ ሉዊሳ ካፔቲዮ ናት። ሹመት አልነበራትም። ርስት አልነበራትም። የሚበዛውን ትምህርቷን የቀሰመችው ቤቷ ውስጥ ከወላጆቿ ነው። እንጀራ ያገኘችበት ሥራ ደግሞ ለጆሮ እንግዳ ነው፤ በሲጋር ፋብሪካ ውስጥ የትምባሆ ቅጠል ለሚጠቀልሉ ሠራተኞች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጋዜጣና መጽሐፍ ታነብ ነበር።

«ማንበብም የፋብሪካ ሥራ ነው ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ነበር እንጂ! ደመወዝ ያለው፣ የመግቢያ ፈተና ያለው፣ ገዥና አሠሪ የሚፈራው ሥራ ነበር። የሉዊሳ ስም ለምን አደባባይ እንደወጣ እንዲገባን ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ሥሩ ያለው ኩባ ነው።

ሥራ የፈታው ጆሮ

በ1865 ኩባ በስፔን ቅኝ ግዛት ሥር ነበረች። ባርነት ገና አልተሻረም። የደሴቲቱ ስም በዓለም ገበያ የሚጠራው በሁለት ነገር ነበር፤ በስኳርና በትምባሆ። በሀቫና ከተማ በመቶ የሚቆጠሩ ሠራተኞችን አንድ አዳራሽ ውስጥ ያስቀመጡ የሲጋር ፋብሪካዎች ነበሩ።

የሲጋር ሥራ የእጅ ሥራ ነው። ሠራተኛው ጠረጴዛው ፊት ይቀመጣል። የውስጡን ቅጠል በመዳፉ ያሰባስባል፤ በማሰሪያው ቅጠል ይጠቀልላል፤ ከዚያ ስስና ለስላሳ የሆነውን የላይኛውን ቅጠል ቻቬታ በምትባል እጀታ የሌላት ጠፍጣፋ ቢላ ቆርጦ ያለብሰዋል። ጫፉን ያስተካክላል፤ አስቀምጦ ሌላውን ይጀምራል። ሌላውን ጨርሶ ሌላውን። ከጠዋት እስከ ማታ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። በዚያ አዳራሽ የሚያጓራ ማሽን የለም። መዶሻ የለም፤ እሳት የለም። እጅ ይሠራል፤ ዓይን ይሠራል፤ ጆሮ ግን ሥራ ፈት ነው። አእምሮም እንዲሁ። መቶ ሰው፣ ሁለት መቶ ሰው፣ ሦስት መቶ ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ጆሮው ባዶ ነው። ይህን ባዶ ጆሮ ማን ይሙላው?

ሳቱርኒኖ ማርቲኔዝ የሚባል ሰው ነበር። በፓርታጋስ ፋብሪካ ሲጋር ይጠቀልላል፤ ግጥምም ይጽፋል። በ1865 «ላ አውሮራ» የሚባል ጋዜጣ ለሠራተኞች ብሎ አቋቋመ። ጋዜጣው ሥነ ጽሑፍ ነበረው፤ የሳይንስ ወሬ ነበረው፤ የሠራተኛውም ብሶት ነበረው። ሳቱርኒኖ ያጋጠመው ችግር ግን ጋዜጣ በማተም የሚፈታ አልነበረም። ለሠራተኛ የተጻፈውን ጋዜጣ ማንበብ የሚችለው ሠራተኛ ጥቂት ነበር። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እጅ ላይ የወደቀ ጋዜጣ ወረቀት ብቻ ነው።

በዚያን ጊዜ ኒኮላስ አስካራቴ የሚባል የለውጥ ሐሳብ ያለው የሀቫና ምሁር በሥራ ቦታ ለሠራተኛ ይነበብ የሚል ሐሳብ ያራምድ ነበር። ሐሳቡ ሥጋ የለበሰው ዲሴምበር 21 ቀን 1865 ነው። ኤል ፊጋሮ በሚባለው ፋብሪካ ከሠራተኞቹ መካከል አንዱ ተነሣና ማንበብ ጀመረ። የቀሩት እየጠቀለሉ ሰሙት። እሱ ሲያነብ የሚያልፈውን የሥራ ሰዓት፣ ማለትም የሚቀርበትን ገንዘብ፣ ከኪሳቸው አዋጥተው ተኩለት።

ከዚህ በኋላ ለምነግራችሁ ሁሉ ቁልፉ ይኸው ነው። አንባቢውን የቀጠረው ባለ ፋብሪካው አልነበረም። የከፈሉት ሰሚዎቹ ናቸው።

በ1866 መጀመሪያ ንባቡ ወደ ፓርታጋስ ገባ። ባለቤቱ ሃይሜ ፓርታጋስ ፈቀደ፤ ለአንባቢው የሚሆን ከፍ ያለ መቆሚያም አዘጋጀለት። ከዚያ ፋብሪካ ከፋብሪካ እየተቀባበለ በሀቫና ተዛመተ። «ላ አውሮራ»ም ዜናውን እያተመ የጀመረውን ፋብሪካ ያመሰግን፣ ያልጀመረውን ይወቅስ ነበር።

ገዥዎቹ ግን አልወደዱትም። ዓመቱ እንኳ ሳይጋመስ ክልከላ ወጣ። በትምባሆ ፋብሪካዎችና በማናቸውም የሥራ ቦታ በመጽሐፍና በጋዜጣ ንባብ፣ ከሥራ ውጭ በሆነም ክርክር የሠራተኛን ልብ መክፈል አይቻልም ተባለ። አስቡት! ሠራተኛው አላመፀም። ጦር አልመዘዘም። እጁ ሥራውን ሳያቋርጥ ቁጭ ብሎ ሰማ። መስማቱ ግን አስፈራቸው። የቅኝ ገዥ ፍርሃት ትክክለኛ ፍርሃት ነበር፤ የሰማ ሰው ይጠይቃልና።

ንባቡ ባሕር ተሻገረ

በ1868 የኩባ የነጻነት ጦርነት ፈነዳ። አሥር ዓመት የቆየ ጦርነት ነበር። ብዙ የሲጋር ሠራተኞችና ባለ ፋብሪካዎች ባሕሩን ተሻግረው የፍሎሪዳ ጫፍ ወደሆነችው ኪ ዌስት ተሰደዱ። የትምባሆ ጥበባቸውን ይዘው ሄዱ። አንባቢያቸውንም ይዘው ሄዱ። በሀቫና የተከለከለው ድምፅ በስደት አገር ያለ ፈቃጅ ተነበበ።

ከተሰደዱት ባለ ፋብሪካዎች አንዱ ቪሴንቴ ማርቲኔዝ ኢቦር ነው። በ1869 ኪ ዌስት ገባ። ከ15 ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ በዚያው በፍሎሪዳ በታምፓ ከተማ አጠገብ መሬት ገዝቶ በራሱ ስም ከተማ ቆረቆረ፤ ኢቦር ሲቲ። ከ1886 ጀምሮ እዚያ ሲጋር ይጠቀለል ገባ። ኩባውያን መጡ፤ ስፔናውያን መጡ፤ ከጣሊያን የሲሲሊ ሰዎች መጡ። የሲሲሊው ሰው እስፓኒሽ አያውቅም። ታዲያ የት ተማረ? ብዙው እጁ ትምባሆ ላይ፣ ጆሮው አንባቢው ላይ ሆኖ ተማረው።

አሁን የኢቦር ሲቲን አዳራሽ በደንብ ላሳያችሁ። ፎቆቹ የጡብ ናቸው። መስኮቶቹ ረጃጅም ናቸው፤ ቅጠሉን በብርሃን መለየት ያስፈልጋልና። ጠረጴዛዎቹ እንደ ትምህርት ቤት ዴስክ በረድፍ ተደርድረዋል። ከረድፎቹ በላይ ትሪቡና የሚሉት ከእንጨት የተሠራ ከፍ ያለ መድረክ አለ። አንባቢው፣ በእነሱ አጠራር ሌክቶር፣ በደረጃ ወጥቶ እዚያ ይቆማል ወይም ይቀመጣል። ንጹሕ ለብሷል፤ ከረባት አስሯል። ማይክሮፎን የሚባል ነገር የለም። ድምፁ ከፊተኛው ረድፍ እስከ መጨረሻው ጥግ መድረስ አለበት።

ጠዋት የሚነበበው ጋዜጣ ነው፤ የከተማው ወሬ፣ የኩባ ወሬ፣ የዓለም ወሬ። ከዚያ የሠራተኛ ማኅበራትና የፖለቲካ ጽሑፎች ይከተላሉ። ከሰዓት በኋላ ልቦለድ ይመጣል። ምን ልቦለድ ይነበብ የሚለውን ሠራተኞቹ በድምፅ ብልጫ ይወስናሉ። የሰርቫንቴስ «ዶን ኪሆቴ» ይነበብ ነበር። የኤሚል ዞላ መጻሕፍት ይነበቡ ነበር። የአሌክሳንደር ዱማ «የሞንቴ ክሪስቶ ኮንት» ይነበብ ነበር። የቪክቶር ሁጎ «ምንዱባን» ይነበብ ነበር። የዚህ መጽሐፍ ባለታሪክ ዣን ቫልዣን በአንድ ቁራሽ ዳቦ ምክንያት እስር ቤት ሲማቅቅ፣ በታምፓ የሚኖር ዳቦ የሚቸግረው ሰው ሲጋሩን እየጠቀለለ ይሰማዋል።

ሌክቶሩ ፊደል እየቆጠረ የሚያልፍ ሰው አልነበረም። ሽማግሌው ሲናገር ሽማግሌ ይሆናል፤ ልጃገረዷ ስታለቅስ ድምፁን ይሰብራል። እኛ አገር ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ያዳመጠ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ድምፅ ብቻውን ሰው ያቆማል፤ አገር ያሳያል፤ እንባ ያስመጣል።

ሥራውን የሚፈልግ ሰው ሠራተኞቹ ፊት ቀርቦ አንብቦ ይፈተናል። ከተወደደ ይቀጠራል። በታምፓ እያንዳንዱ ሠራተኛ በሳምንት 25 ሳንቲም ያዋጣ ነበር። ሦስት መቶ ሰው ባለበት ፋብሪካ ሁሉም ቢከፍል በሳምንት 75 ዶላር ይሆናል፤ ለዚያ ዘመን ዳጎስ ያለ ገቢ ነው። ንባቡ ሲጥማቸው ቻቬታቸውን ጠረጴዛው ላይ ያንኳኳሉ። በመቶ የሚቆጠር ቢላ በአንድ ጊዜ እንጨት ሲመታ ድምፁ አዳራሹን ይሞላዋል፤ ጭብጨባቸው ይህ ነበር። ሳይጥማቸው ሲቀር ቻቬታውን ወለሉ ላይ ይጥሉታል። አንባቢውም ፍርዱን ይሰማል።

የኩባ የነጻነት መሪ ሆሴ ማርቲ በ1891 ወደ ታምፓ ሲመጣ ያገኘው ይህን ሕዝብ ነው። የሲጋር ጠቅላዩ ፊደል ላይቆጥር ይችላል፤ ዓለም ወዴት እየሄደ እንደሆነ ግን ያውቃል። ማርቲ ተናገረ፤ እነሱ ሰሙ፤ ከደመወዛቸው አዋጥተው ለትግሉ ሰጡ። መስማት የለመደ ሕዝብ ነበርና የሰማውን መዝኖ ያምናል።

በመስኮት የገባው ድምፅ

ንባቡ ወደ ፖርቶ ሪኮም ደርሶ ነበር። ይህች ደሴት በ1898 ከስፔን እጅ ወጥታ በአሜሪካ እጅ ወደቀች። የአሜሪካ የትምባሆ ኩባንያዎች ተከትለው ገቡ። በካዬይ፣ በካጉዋስ፣ በአሬሲቦ ከተሞች ፋብሪካዎች በዙ።

በ1901 በካዬይ ሄሱስ ኮሎን የሚባል ልጅ ተወለደ። ቤታቸው ከሲጋር ፋብሪካ አጠገብ ነበር። ልጁ ገና ፋብሪካ ምን እንደሆነ በቅጡ ሳይገባው፣ የአንባቢው ድምፅ ከፋብሪካው መስኮት ወጥቶ በእነሱ መስኮት ይገባ ነበር። ይህ ልጅ አድጎ ወደ ኒውዮርክ ተሰደደ፤ ጉልበት ሠራተኛ ሆነ፤ ጋዜጠኛና ደራሲም ሆነ። በኋላ ስለ ሕይወቱ ሲጽፍ ያን በመስኮት የገባ ድምፅ አልረሳውም። ደመወዝ ያልከፈለ፣ ጠረጴዛ ያልተሰጠው አንድ ሕፃን በአየር ላይ በመጣለት ንባብ ደራሲ ሆነ። ሉዊሳ ካፔቲዮም የምትሠራው ይህንኑ ሥራ ነበር።

ሉዊሳ

ሉዊሳ በ1879 በሰሜናዊቷ የወደብ ከተማ በአሬሲቦ ተወለደች። እናቷ ከፈረንሳይ፣ አባቷ ከስፔን የመጡ ናቸው። ወላጆቿ በጋብቻ አልተሳሰሩም። ኑሮ ከእጅ ወደ አፍ ነበር፤ እናቷ በሰው ቤት ትሠራ ነበር። ድህነት ያለበት ቤት ግን መጽሐፍ አልጠፋበትም። ልጃቸውን ማንበብና መጻፍ አስተማሯት፤ ፈረንሳይኛም ጨመሩላት። በዚያ ዘመን የድሃ ልጅ፣ ያውም ሴት ልጅ፣ የሁጎን መጽሐፍ በራሱ በሁጎ ቋንቋ ማንበብ መቻሏ ብርቅ ነበር።

በወጣትነቷ ማኑዌል ሌዴስማ የሚባል የባለጸጋና የመኳንንት ቤት ልጅ ወደደች። ሁለት ልጆች ወለዱ፤ ማኑዌላና ግሬጎሪዮ። ፍቅሩ አልዘለቀም። የሀብታሙ ልጅ ወደ ክብሩ ተመለሰ፤ ሉዊሳ ሁለት ልጆች ይዛ ቀረች። በመርፌ ሥራ ትተዳደር ጀመር። ይህ ቁስል ኋላ ላይ በጻፈቻቸው መጻሕፍት ሁሉ ይታያል፤ ሴት በገዛ ሕይወቷ ላይ የመወሰን መብት ስለሌላት የምትከፍለውን ዕዳ የጻፈችው ራሷ ከፍላው ነው።

ከዚያ የሲጋር ፋብሪካው በር ተከፈተላት። ሃያኛው ክፍለ ዘመን እንደገባ በአሬሲቦ የፋብሪካ አንባቢ ሆነች። እስቲ ይህን አስቡት። ከፍ ያለው መድረክ የወንድ ቦታ ነበር። አዳራሹ ወንድ የበዛበት ነበር፤ ሴቶቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት የቅጠሉን የመሐል አጥንት በመንቀል ነበር፤ አድካሚ ሥራ፣ ያነሰ ደመወዝ። በዚያ አዳራሽ አንዲት ሴት ወደ መድረኩ ወጣች፤ መጽሐፍ ገለጠች፤ ወንዱ ሁሉ ዝም ብሎ ሰማት። ከዚያ በፊት ለሴት ዝም ብሎ የማያውቀው ሁሉ ሰማት።

ማንበብ ግን ለአንባቢውም ትምህርት ነው። በየቀኑ ስለ ሠራተኛ መብት እያነበበች ራሷ ዝም ልትል አልቻለችም። በ1905 የአሬሲቦ የሸንኮራ አገዳ ሠራተኞች ሥራ ባቆሙ ጊዜ ሉዊሳ ከእነሱ ጋር ተሰለፈች፤ ጻፈች፤ ሰው አደራጀች። ነጻ የሠራተኞች ፌዴሬሽን የሚባለው ማኅበር ታጋይ ሆነች። በ1907 የመጀመሪያ መጽሐፏን አሳተመች። በ1908 በማኅበሩ ጉባኤ ላይ ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲኖራቸው ማኅበሩ ይታገል ብላ ተከራከረች። በ1909 ማኅበሩ ባካሄደው ዘመቻ ከከተማ ከተማ እየዞረች ለሠራተኞች ንግግር አደረገች። በ1910 «ሴት» የሚል መጽሔት መሠረተች።

በ1911 በጣም የታወቀውን መጽሐፏን አወጣች። ርዕሱ ስለ ሴት ነጻነት፣ መብትና ግዴታ ያለኝ አስተያየት የሚል ነው። ሴት ልጅ ትማር፤ ለእኩል ሥራ እኩል ትከፈል፤ ፍቅር በግዴታና በገንዘብ አይታሰር፤ እናት ልጇን ያለ ፍርሃት ታሳድግ የሚል መጽሐፍ ነው። በውስጡ ለሴት ልጇ ለማኑዌላ የጻፈችው ደብዳቤ አለ። አባቷ ከባለጸጋ ወገን፣ እናቷ ከሠራተኛ ወገን ለሆነች ልጅ እናት የምታወርሳት ነገር ምንድን ነው? ሉዊሳ ያወረሰቻት ሐሳቧን ነው። ዓለምን በምን ዓይን እንደምታይ ጽፋ ሰጠቻት።

በ1912 ኒውዮርክ፣ በ1913 ኢቦር ሲቲ ገባች። ያ አዳራሽ፣ ያ መድረክ፣ ያ የቻቬታ ጭብጨባ አሁን ተቀበላት። በታምፓ ፋብሪካ አነበበች። የ1911 መጽሐፏን እዚያው ለሁለተኛ ጊዜ አሳተመችው። እንግዲህ የኢቦር ሲቲ ሠራተኞች የሰሟት ሌላ ሰው የጻፈውን የምታነብ ሴት ብቻ ሆና አልነበረም። በመጽሐፍ አንባቢነት ጀምራ መጽሐፍ ጸሐፊ የሆነች ሴት ነበረች።

ከዚያ ሀቫና። በ1915 ሱሪ፣ ኮት፣ ከረባትና ባርኔጣ አድርጋ ጎዳና ላይ ወጣች። ፖሊስ ያዛት። የሴት ልብስ አልለበሰችም ተባለች። ፍርድ ቤት ቀርባ ተከራከረች፤ ሴት ሱሪ እንዳትለብስ የሚከለክል ሕግ የለም፤ ልብሱም ለሥራና ለእንቅስቃሴ የሚመች ነው አለች። ዳኛው ለቀቃት። በዚያ ልብስ የተነሣችው ፎቶግራፍ ዛሬም አለ፤ ነጭ ልብስ፣ ከረባት፣ ባርኔጣ፤ ቀጥ ብላ የቆመች ሴት። ብዙ ሰው ሉዊሳን የሚያውቃት በዚህ ፎቶግራፍ ነው። እኔ ግን ከሱሪው ይልቅ ችሎት ፊት የተከራከረችበት ድምፅ ይገርመኛል። ያ ድምፅ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። በሦስት መቶ ሰው ፊት ዓመታት ሲነበብበት የሰላ ድምፅ ነው።

ወደ ፖርቶ ሪኮ ተመለሰች፤ በ1916 ሌላ መጽሐፍ አሳተመች፤ የቲያትር ጽሑፎችም አሉበት። በየሥራ ማቆም አድማው ተገኘች፤ ታሰረችም። ኒውዮርክ ስትኖር ለስደተኛ ሠራተኞች መኖሪያ የሚሆን ፔንሲዮን ከፍታ ከአትክልት ብቻ የተሠራ ምግብ ታቀርብ ነበር። ከኪሷ ይልቅ የእንግዳዋ ረኃብ ይቀድምባት ስለነበር ገንዘብ አልያዘችም። በ1922 በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። 42 ዓመቷ ነበር። በተወለደችበት በአሬሲቦ ተቀበረች።

በ1908 የጠየቀችው የመምረጥ መብት ለፖርቶ ሪኮ ሴቶች የተሰጠው እሷ ካረፈች በኋላ ነው። በ1929 ማንበብና መጻፍ ለሚችሉ ሴቶች ብቻ ተፈቀደ። ፊደል ያልቆጠሩት፣ ማለትም ሉዊሳ ድምፅዋን ያሰማችላቸው እነዚያው ሴቶች፣ እስከ 1935 ድረስ ጠበቁ።

መድረኩ ሲፈርስ

የታምፓው ንባብ ፍጻሜም ይነገር። የ1920ዎቹ መጨረሻ ክፉ ዘመን ሆነ። ሰው ከሲጋር ወደ ሲጋራ ዞረ፤ ማሽን መጣ፤ የዓለም ኢኮኖሚ ወደቀ። በ1931 መገባደጃ ላይ ባለ ፋብሪካዎቹ አንባቢዎቹን አስወጡ። ምክንያታቸው ለሠራተኛው የሚያሳምፅ ጽሑፍ ይነበብለታል የሚል ነበር። ሠራተኞቹ ሥራ አቆሙ። ባለ ፋብሪካዎቹ በር ቆለፉ። በሩ ሲከፈት መድረኩ አልነበረም። በኋላ በአንባቢው ቦታ ሬዲዮ ገባ።

ሬዲዮም ድምፅ ነው ይባል ይሆናል። ልዩነቱን ግን ሠራተኞቹ ያውቁት ነበር። የሬዲዮውን ጣቢያ የሚመርጠው ሌላ ነው። ሌክቶሩን ግን ራሳቸው ፈትነው ቀጠሩት፤ ራሳቸው ከፈሉት፤ መጽሐፉን ራሳቸው መረጡለት። አሠሪው የፈለገው ዝምታን አልነበረም፤ የድምፁን ባለቤትነት ነበር።

ከአንባቢዎቹ አንዱ የመሠረተው ጋዜጣ ግን ዛሬም አለ። ከኩባ መጥቶ በታምፓ ፋብሪካ ሌክቶር የነበረው ቪክቶሪያኖ ማንቴይጋ በ1922 «ላ ጋሴታ» የሚባል ጋዜጣ መሥርቶ ነበር። በእስፓኒሽ፣ በእንግሊዝኛና በጣሊያንኛ የሚታተም ጋዜጣ ነው። በኢቦር ሲቲ የሚገኝን የሲጋር ፋብሪካና አዲስ የመጣ አንባቢ ታሪክ ያደረገው የኒሎ ክሩዝ ተውኔትም በ2003 የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። ኩባ ውስጥ ደግሞ ንባቡ አልቆመም። በሲጋር ፋብሪካዎች ዛሬም ይነበባል፤ ከአንባቢዎቹም ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። በ2012 የኩባ መንግሥት ይህን ልማድ የአገሪቱ የባህል ቅርስ ብሎ ሰየመው።

ሐውልት ለማን?

አሁን ወደ ፍርዱ ልምጣ። ኢቦር ሲቲ ብትሄዱ በ7ኛው ጎዳና ላይ የከተማዋ መሥራች የቪሴንቴ ማርቲኔዝ ኢቦር የነሐስ ሐውልት ቆሟል። ፋብሪካ ሠርቷል፤ ከተማ ቆርቁሯል፤ ይገባዋል። በሆሴ ማርቲ ስም በተሰየመው መናፈሻ ውስጥ ደግሞ የማርቲ ነጭ ሐውልት አለ። መናፈሻው ያለው ጥቁሯ ኩባዊት ፓውሊና ፔድሮሶ ማርቲን ያስተናገደችበት ቤት በነበረበት ቦታ ነው። ይህም ይገባዋል።

ነገር ግን ባለ ፋብሪካው ሐውልት ባይቆምለት እንኳ የጡብ ፎቁ ስሙን ይናገራል። መሪው ሐውልት ባይኖረው ነጻ የወጣችው አገር ትመሰክርለታለች። በሥራ ሰዓት ያነበበ ሰውስ? ፎቅ አልተወም፤ ገንዘብ አልተወም። የሠራው ሥራ ከአፉ እንደወጣ አየር ውስጥ ቀለጠ። ምስክሩ የሰማው ሰው ነበር፤ የሰማውም ሰው አልፏል። ስለዚህ የመታሰቢያ ድንጋይ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው እንዲህ ላለው ሠራተኛ ነው። በሳን ሁዋን አደባባይ ለሉዊሳ የተደረገው ትክክለኛ ሥራ ነው፤ የዘገየ ቢሆንም።

አንድ ነገር ግን እጨምራለሁ። ለፋብሪካ አንባቢ ሐውልት የሚያቆም ከተማ አንባቢውን ብቻ አያቁም። ከሥሩ ሰሚዎቹን ይቅረጽ፤ ጠረጴዛውን፣ ቅጠሉን፣ ቻቬታውን። በሳምንት 25 ሳንቲም ከድሃ ኪስ መዝዘው እውቀት የገዙት እነሱ ናቸውና። ሉዊሳን ሉዊሳ ያደረጋት እናቷ ያስተማረቻት ፊደል ብቻ አልነበረም፤ በየቀኑ እጃቸው እየሠራ በጆሯቸው የፈተኗት ሰዎች ናቸው። ሰሚ የሌለው አንባቢ ለግድግዳ ያነባል።

እናንተም ይህን ስታነቡ የቆያችሁ ሁሉ ማንበብ ችላችኋል። በአካባቢያችሁ ግን ያልቻለ፣ ወይም ዓይኑ የደከመ፣ ወይም እጁ ሥራ የያዘ ሰው አለ። ለእናታችሁ፣ ለጎረቤታችሁ፣ ለሥራ ባልደረባችሁ ጋዜጣውን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ከተማችሁም ሐውልት ልታቆም በምትመክርበት ጊዜ እጃችሁን አንሡና ለሌላው ያነበበ ሠራተኛ እንዲታሰብ ጠይቁ።